የወይራ ከሰልና የኩሬያችን ውኃ

አማቴ ያንን ጆንያ ያጠቡት ለእኔ ብለው ነው። ስለዚያ ዓመት ሰው ሲጠይቀኝ ከዚህ እጀምራለሁ፤ ከዚህ ካልጀመርኩ የቀረውን መናገር አይሆንልኝም።

የተወለድኩት ጎንደር ቁስቋም ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበር፤ ለቄስ ዳረኝ። ባለቤቴ ከዳባት በስተምሥራቅ፣ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ የደጋ መንደር ውስጥ ያለ ደብር ያገለግሉ ነበር። መንደሩ ገደል አፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ወንዙ ከገደሉ ሥር ይታያል፤ ይሰማልም፤ ግን ወርዶ ቀድቶ መውጣት ከንጋት እስከ ቀትር የሚፈጅ፣ አህያ የሚያንሸራትት መንገድ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው የሚጠጣው አባቶቹ ከቆፈሩት ኩሬ ነበር። ክረምት ይሞላል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም።

የበኩር ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ አንበጣ መጣ። አዝመራው ሊታጨድ ሲል ነው የመጣው። መንግሥት በበቅሎ መድኃኒት አስጫነልን፤ ከፉርሽካ ጋር የተደባለቀ ግራጫ ዱቄት። ወንዶቹ በእጃቸው እየዘገኑ በየማሳው ዳር በተኑት። አንበጣው በልቶ የሞተም አለ፤ የሚበዛው ግን ነፋስ ይዞት ሄደ። ለእኛ የቀረን ግማሽ አዝመራና ባዶ ጆንያ ነው። ጆንያውን አቃጥሉት ያለ ሰው ነበር ይላሉ። እኔ አልሰማሁም። ቢባልስ ማን ያቃጥለዋል? በእኛ አገር ያኔ አዲስ ጆንያ ማለት ምንጣፍ ነው፣ የእህል ዕቃ ነው፣ ለእረኛ የዝናብ ልብስ ነው።

በጥር ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ ተኝቼበት የነበረውን ቁርበት ዳሰስ አድርገው፣

“ይኸ ለአራስ ይቀዘቅዛል፤ ሸጋ ፍራሽ እሠራልሻለሁ” አሉ።

ሁለት ጆንያ ይዘው ወደ ኩሬው ወረዱ። በእግራቸው እየረገጡ አጥበው፣ አድርቀው፣ ጭድ ሞልተው ሰፉልኝ። ስተኛበት ለስላሳ ነበር። ሽታ ግን ነበረው፤ እንደ ሻገተ እህል ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ።

“ፀሐይ ሲመታው ይለቀዋል” አሉኝ።

አለቀቀውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጄ ጡት ይዛ ሳለች እጅና እግሯ ድንገት ግትር አለ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ከዚያ ተንቀጠቀጠች። ባለቤቴ መስቀላቸውን ይዘው ሌሊቱን ሁሉ ጸለዩላት። ጎረቤት የዓይን ነው አለ፤ ሌላው የአራስ ጋኔን ነው አለ። እኔ ደግሞ ያንቀጠቀጣት በርዷት መስሎኝ ፍራሹ ላይ አጥብቄ እያስተኛሁ አለብሳት ነበር።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ጥጃ ከኩሬው ጠጥቶ ሲመለስ ወደቀ። እየተንፈራገጠ ሞተ። ከዚያ ፍየሎች። ያኔ ደረቁ ወር እየገፋ፣ ኩሬው ከዳር ዳር እየሸሸ ነበር፤ ውኃው ባነሰ ቁጥር ሽታው በረታ። ይህ ሁሉ የፍራሼ ሽታ መሆኑን ያወቅነው ግን ታላቅ ወንድሜ ሲመጣ ነው።

ወንድሜ ጎንደር ሆስፒታል ድሬሰር ነበር፤ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ። አራስ ሊጠይቀኝ እስከ ዳባት በጭነት ማኪና፣ ከዚያ በእግሩ መጣ። ገና በሩን ሲገባ ቆመ። አፍንጫውን ነፋ፣ ነፋ አደረገ። ልጄን ከአጠገቤ አንስቶ ለአማቴ ሰጠና እኔን እጄን ይዞ አስነሣኝ። ፍራሹን ጎትቶ ደጅ ጣለው።

“ይኸ ጆንያ ከየት መጣ?”

“ከአንበጣው መድኃኒት” አልኩት።

“ማን አጠበው? የት?”

አማቴ ልጄን እንዳቀፉ፣ “እኔ ነኝ ልጄ፣ ኩሬው ውስጥ” አሉ።

ወንድሜ መደቡ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ጣለ። ያን ጊዜ ፊቱን ያየሁ ሰው ነኝና ነገሩ ምን ያህል እንደ ከፋ ሌላ ሰው ሊነግረኝ አላስፈለገም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። ወንድሜ ዱቄቱ መርዝ እንደሆነ፣ አንበጣውን የገደለው ከብቱንም እንደሚገድል፣ ማንም ከኩሬው እንዳይጠጣ ነገራቸው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣

“ጆንያ ኩሬ ውስጥ ያጠበ ማን ነው?” አሉ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እኔ ቤቴ ሆኜ ነው፤ ኋላ ባለቤቴ ናቸው የነገሩኝ። በየቤቱ የታጠበ ጆንያ ነበር፤ ዕቃ የሚከደንበትም፣ የሚነጠፍበትም። ከዚያ ሁሉ ሴት አማቴ ብቻ ቆሙ።

“እኔ አጥቤያለሁ” አሉ። “ለአራሷ ብዬ ነው። አላወቅሁም።”

ሌላ የተነሣ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ በእጁ የያዘው አንድ ጥፋተኛ ሆነ። ደጃችን የሚያልፍ ሰው የባለቤቴን መስቀል ይሳለማል፤ እኔን እንዴት አደርሽ ይላል፤ አማቴን ግን እንዳላየ ያልፋል።

ወንዶቹ የተረፈውን ከብት ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። የቀረነው ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ልጁና ካህናቱ ነን። ከወንዙ መቅዳት ተጀመረ። ጉልበት ያለው ወርዶ የሚያመጣው አንድ እንስራ ለቤቱ አይበቃም፤ ጉልበት የሌለው ደግሞ ይለምናል። አንዲት ነፍሰ ጡር ገደሉ መንገድ ላይ ወድቃ እንስራዋም ተሰበረ፣ ፅንሱም ወረደ። ከዚያ በኋላ ሰው ተደብቆ ከኩሬው መቅዳት ጀመረ። ጥም ለሽታ አይገዛም። እናት ልጇ አፉ ደርቆ ሲያለቅስ ስትሰማ ምን ታድርግ? “አፍልተን ከጠጣነው ምንም አይል” ይላሉ። አፍልተው ይጠጣሉ፤ ያንቀጠቅጣቸዋል።

ወንድሜ ወደ ጎንደር ተመልሶ ነበር፤ ሲመጣ አንድ ጣሳ ነጭ ዱቄትና በጠርሙስ ሐምራዊ ድቃቅ ይዞ መጣ። ነጩ ክሎሪን ነው፤ ሆስፒታል የሚጠጡትን ውኃ የሚያጸዱበት። ሐምራዊው ቁስል የሚያጥቡበት፣ ጎመንና ሰላጣ የሚነክሩበት ነው። ደስ አለን። መድኃኒት መጣ ተባለ። ሰው እንስራውን ይዞ ደጃችን ተሰለፈ።

ወንድሜ ጋን ሙሉ የኩሬ ውኃ አስቀድቶ ነጩን በማንኪያ ጨመረ፤ አማስሎ ከድኖ አቆየው። ሲከፈት ሁለት ሽታ ወጣ፤ የፊተኛው እንዳለ፣ በላዩ ላይ ዓይን የሚያስለቅስ ሌላ። በሌላ ጋን ሐምራዊውን ሞከረ። ውኃው የወይን ጠጅ መሰለ፤ ኋላ ቡናማ ሆኖ አተላው ዘቀጠ፤ ከላይ ጠራ። ጠርቶም ይሸታል። ከሁለቱም ጋን ለጫጩቶች ሰጠናቸው። ቆመው እያሉ አንገታቸው መወዛወዝ ጀመረ።

ሰው ባዶ እንስራውን ይዞ ተመለሰ። ወንድሜ ከጋኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣

“ይኸ መድኃኒት ተሐዋሲ ይገድላል፤ ያቃጥለዋል” አለኝ። “ይህን ግን አይነካውም። ምን እንደሚነካው አላውቅም። እህቴ፣ እኔ ቁስል አጣቢ ነኝ።”

ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። ለመሄድ ተነሥቶ አህያውን ሲጭን ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው። ሆስፒታል መርዝ ጠጥታ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ሐኪሙ የተፈጨ ከሰል በውኃ በጥብጦ አጠጣት። ከሰሉ መርዙን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል ብሎት ነበር። ጭነቱን አወረደው።

“ሆድ ውስጥ ከያዘው ጋን ውስጥ ምነው አይይዘውም?” አለ። “ከሰል አለ?”

ከሰል የለም። በእኛ ደጋ የሚነደው ኩበት ነው። ዛፍ የሚባል የቀረው ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ብቻ ነበር፤ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ፤ የረገፈ ቅጠሉን እንኳ ሰው የማያነሣው፣ የተገዘተ። ባለቤቴ ወደ ደብሩ ገበዝ ሄዱ። ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁ፣ ባለቤቴን በልጅነታቸው ያስተማሩ አዛውንት ናቸው።

“አያ፣ እንጨት ፍቀዱልን” አሏቸው።

“የታቦቱን ልብስ ልትገፍ መጣህ?”

“ሰው እየሞተ ነው።”

“ሰው ሁልጊዜ ይሞታል። ይኸ ደን የቆመው ስንት ረኃብ አልፎ ነው? ጣልያን እንኳ አልቆረጠውም።”

ባለቤቴ መሬት ላይ ወድቀው እግራቸውን ያዙ። ገበዙ ከመሬት አስነሥተዋቸው፣ “የወደቀውንና የደረቀውን ውሰዱ። የቆመ እንዳትነኩ” አሉ።

የወደቀውን ለቀምን። ወንድሜ ጉድጓድ አስቆፍሮ እንጨቱን ደርድሮ በአፈር ደፍኖ አከሰለው። በርሜል ከዳባት በአህያ አስመጣ፤ ጣልያን ለመንገድ ሥራ ያመጣው፣ ዝገቱ በአሸዋ እስኪለቅ ያሸነው። ከሥሩ በሚስማር በሳው። ጠጠር፣ አሸዋ፣ ከዚያ እኛ ሴቶች በሙቀጫ የወቀጥነውን ከሰል፣ በላዩ እንደገና አሸዋ አደረገበት። ሙቀጫ የያዝነው እኔና አማቴ ነበርን መጀመሪያ። ኋላ ሌሎችም መጡ፤ ከአማቴ ራቅ ብለው እየተቀመጡ ይወቅጣሉ። ሁላችንም ፊታችን ጠቁሮ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

የኩሬውን ውኃ በነጠላ አጥልለን አፈሰስንበት። ከሥሩ ጥቁር ወጣ፤ ደፋነው። ደግመን አፈሰስን። ቆይቶ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ወንድሜ፣ “ቶሎ የወረደ አይረባም፤ ከከሰሉ ጋር ይቆይ” እያለ ቀዳዳውን በጨርቅ ያጠብበዋል። ቅሉ ሲሞላ አንሥቶ አሸተተው። ለእኔ ሰጠኝ። ምንም የለውም። እንደ ዝናብ ውኃ ነው።

“ለዶሮ እንስጠው” አለ።

“ዶሮ ስለ ምን ትሙት?” አሉና አማቴ ቅሉን ከእጄ ወሰዱት። እየጮኽኩ ሳለሁ ጠጡት። አፋቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ መንደሩ አማቴን ያየው ያኔ ነው፤ ይወድቁ እንደሆነ ሊያይ።

አልወደቁም። በማግስቱ ሰው መጠጣት ጀመረ። ወንድሜ ነጩንም ዱቄት ጥቂት ጥቂት በተጣራው ውኃ ይጨምርበት ነበር፤ መርዙ ቢሄድ የኩሬው ሌላ በሽታ እንዳለ ነውና። ልጄም ፍራሹ ከተጣለ ወዲህ አልተንቀጠቀጠችም። ክርስትና የተነሣችው በዚያ በርሜል በወረደ ውኃ ነው።

ግን ከሰል ይጠግባል። ይህን አናውቅም ነበር፤ ወንድሜም አያውቅ። አንድ ቀን ቅሉን ሳሸተው ያ ሽታ በስሱ ተመለሰ። ከሰሉን አወጣን፣ አዲስ አደረግን፤ ጠፋ። ደግሞ ተመለሰ። ኩሬው ባነሰ መጠን ውኃው ይከፋል፤ ከሰሉም ቶሎ ይጠግባል። የወደቀው እንጨት ሁዳዴ ሳይጋመስ አለቀ። የበልግ ዝናብ ይሆናል ብለን ሰማይ ሰማይ አየን፤ ደመናው ገደሉን ተሻግሮ ወደ ቆላ ሄደ።

አማቴ አዲስ ከሰል በተደረገ ቁጥር ቀድመው ይጠጡ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ፣

“አንቱ ምነው እንዲህ ያደርጋሉ? ለጫጩት እንስጥ አላልንም?” ስላቸው፣

“ጫጩት ነግ ትናገራለች? እኔ ጣዕሙን እነግርሻለሁ” ይሉኛል።

ሽታው ጨርሶ ባልጠፋበትም ቀን “ሸጋ ነው፣ ጠጡ” ያሉበት ጊዜ የለም። “ይኸ ይቅር” ብለው ይደፉታል፤ እሳቸው ግን ጠጥተውታል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኩታቸው ሥር ይደብቁታል። ሙቀጫ ሲይዙ ዘነዘናው የሙቀጫውን አፍ እየመታ ይጮህ ነበርና መደበቁ አልሆነላቸውም። ወንድሜ ከጎንደር በመጣ ቁጥር ይቆጣቸዋል፤ እሺ ይሉታል፤ ሲሄድ ይጠጣሉ። እኔም ቅሉን ልደብቅባቸው ሞከርኩ። በእፍኛቸው ጠጡ።

ባለቤቴ ዳግመኛ ገበዙ ዘንድ ሄዱ። አሁን የቆመ ዛፍ ነው የሚለመነው። አብሬያቸው ሄጄ ልጄን አዝዬ ከደጅ ቆምኩ። ገበዙ ልመናውን ሁሉ ሰሙ። የሳቸው ቤትም የሚጠጣው ከዚያው በርሜል ነው። በመጨረሻ ተነሥተው መቋሚያቸውን አነሡ።

“እኔ ዛሬ ወደ ዳባት እወርዳለሁ” አሉ። “የምትሠሩትን ሳትነግሩኝ ሥሩ። ስመለስም አትንገሩኝ።”

በስተሰሜን ያለውን ትልቁን ወይራ ባለቤቴ ራሳቸው በመጥረቢያ ጀመሩት። ሌላ ሰው እጁን ሊያነሣ አልደፈረም። ሊቀድሱ ወደ መቅደስ እንደሚገቡ ሁሉ ጫማቸውን አውልቀው፣ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ቆረጡ። እንባቸው ከላባቸው ጋር ይወርዳል። ወይራው ሲወድቅ ሴቶቹ ሬሳ እንደወጣ ደረታቸውን መቱ። ጦጣዎች ነበሩበት፤ እየጮኹ ወደ ጽዱ ተሻገሩ። ከዚያ ጽዱም ተቆረጠ። ከዚያ ሌላ ወይራ። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በሰሜን በኩል ከመንደሩ ታየ፤ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ነው።

ግንቦት ሲገባ አማቴ ሙቀጫው አጠገብ ወደቁ። ልጄ እንዳደረገችው አደረጋቸው፤ ግትር አሉ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ዓይናቸው ተሰቀለ። ጋብ ሲልላቸው አወቁኝ።

“ልጅቱ ጠጣች?” አሉኝ።

“ጠጥታለች እሜቴ።”

“ከትናንቱ ነው? የትናንቱ ሸጋ ነው።”

ነፍሳቸው የወጣው ባለቤቴ እያናዘዟቸው ነው፤ ልጅ እናቱን። ወንድሜ ሲደርስ ተቀብረው ነበር። መርዙ ነው ወይስ ጾሙና እርጅናው ብዬ ጠየቅሁት። እንደማያውቅ ነገረኝ። ጎንደር ያሉት ሐኪምም ሳያዩ ምን ይበሉ?

ለቀብሩ ሰው ሁሉ መጣ። አልቅሶ የማያውቀው አለቀሰ። ሳልስቱ ላይ፣ ጥጃዋ መጀመሪያ የሞተባት ጎረቤታችን ዕቃ ቤት ድረስ ተከትላኝ ገባች። ያቺ ሴት ናት አማቴን ከሁሉ ይልቅ የጠመደቻቸው።

“እኔም አጥቤያለሁ” አለችኝ። “ሦስት ጆንያ። ከሳቸው በፊት።”

“ያን ቀን ምነው አልተናገርሽ?”

“ጥጃዬ ሞቶብኝ እኔው ነኝ የገደልኩት ልበል?”

“አሁን ለሰው ንገሪ።”

“አሁን ምን ይረባቸዋል?” አለችና ሰሃኑን አንሥታ ወጣች። ለሰው መናገሯን አልሰማሁም። እኔም አልተናገርኩባት፤ ኋላም አብረን እንጨት ተሸክመናል፣ አብረን ከሰል ወቅጠናል።

ወንዶቹ ለእርሻ ከቆላ ተመለሱ። ወንድሜ፣ “ክረምት ሳይገባ ኩሬውን አፍርሱት፤ መርዙ ጭቃው ውስጥ ነው፤ አዲስ ውኃ ቢሞላበትም አይጠራም” አላቸው። አንዳንዱ የአባቶቻችን ኩሬ ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻ ዳሩን ናዱት፤ የቀረው ጥቁር ውኃ በገደሉ ወረደ። ወንዙ ውስጥ ነው የገባው፤ ከታች ያለው ሰው ምን እንደጠጣ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም ለመጠየቅ አቅም አልነበረንም። ጭቃውን ዛቁት፣ ቀበሩት። በመንደሩ ሌላ ጫፍ አዲስ ጉድጓድ ጀመሩ፤ ዝናቡ ግማሹ ላይ ደረሰባቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ሰው ዝናብ ጠጥቶ ደኅና ሲሆን የዛፉ ነገር ተነሣ። አዝመራውን በረዶ ሲመታው፣ ደኑን የቆረጡት ቄስ ናቸው ያመጡት ተባለ። ገበዙ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ለባለቤቴም፣ በባለቤቴም ላይ። ባለቤቴ ሲቀድሱ የሚቆርበው ሰው ቀነሰ። ሁለት ክረምት ታገሥንና ልጃችንን በበቅሎ አስቀምጠን ወደ ጎንደር ወረድን። ቁስቋም አባቴ ቤት አጠገብ ተጠጋን፤ እሳቸውም በሌላ ደብር ማገልገል ጀመሩ።

ወንድሜ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሐኪም ባገኘ ቁጥር ይጠይቅ ነበር፤ ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት ነው ወይ እያለ። አንዱ፣ ከሰል እንዲህ ያለውን መርዝ አጥብቆ ይይዛል፤ ብዙ ሰው አድነሃል አለው። ሌላው፣ አፍንጫ የማይደርስበት ይቀራል፤ ሳይለካ አይታወቅም አለው። እኛ የምንለካበት አልነበረንም። የነበረን አማቴ ናቸው። ባለቤቴ ይህን ጨዋታ ሲሰሙ ተነሥተው ይወጣሉ።